ብሌኑ ተገኝቶ ሳለ ወንድሜ ለምን ተመለሰ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልህ ከኮምቦልቻ ነው። ታናሽ ወንድሜ 23 ዓመቱ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይኑን ያሳክከዋል፣ ሲያሸው ነው የሚውለው። በኋላ ኬራቶኮነስ የሚባል የዓይን በሽታ ነው ተባለ። አምና አንድ ቀን ጠዋት ሲነሳ ቀኝ ዓይኑ ነጭ ሆኖ አደረ፤ ነጩ ቀስ በቀስ ቢቀንስም ጠባሳ ቀረበት። ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል ተብሎ ወረፋ ያዘ። ባለፈው ወር “ብሌን ተገኝቷል፣ ና” ተብሎ በሌሊት ተነስተን አዲስ አበባ ገባን። ምግብ ሳይቀምስ ሲጠብቅ ውሎ ከሰዓት በኋላ “ብሌኑ ለእሱ አልሆነም” ተብለን ተመለስን። ሰው ሞቶ፣ ቤተሰቡ ፈቅዶ የሰጠው ነገር እንዴት አልሆነም ይባላል? ምን ሲያደርጉት ነው የሚበላሸው? በዚያው ቀን ሌላ ታካሚ ተሠርቶለት ሲወጣ አይተናል፤ እናታችን ከዚያ ወዲህ “ለባለ ገንዘብ ሰጥተውበት ነው” ብላ እንቅልፍ አጥታለች። አያታችን ደግሞ “የሞተ ሰው ዓይን እንዳለ ነው ወይ የሚተክሉበት?” ትላለች።

ምላሽ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። በከሚሴና በጣርማበር አድርጎ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ያንኑ መንገድ ባዶ እጅ መመለስ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ እዚህ ደሴ የማያቸው ታካሚዎቼም የሚመላለሱት በዚያው መንገድ ነው። እናትሽ ብትጠረጥር አልፈርድባትም። ቁጭ ብሎ ያስረዳት ሰው ቢኖር ኖሮ አትጠረጥርም ነበር። ስለዚህ አንድ ብሌን ከለጋሹ ተነስቶ ታካሚው ዓይን ላይ እስኪሰፋ ድረስ ምን ምን እንደሚደረግለት ከሥሩ ልንገርሽ። “አልሆነም” ያለው ሰው ወንድምሽን ከምን እንዳዳነው የሚታየው ያን ሁሉ ካወቁ በኋላ ነው።

የአያትሽን ጥያቄ ላስቀድም፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ይጀምራል። ሙሉ ዓይን አይተከልም። ያሳሳታቸው ስሙ ነው፣ ብዙ ሰውም ያሳስታል። ብሌን ሲባል ሰው የሚያስበው መሐል ላይ ያለችውን ጥቁር ክብ ነው፤ “እንደ ዓይኔ ብሌን” የምንለውም እሷኑ ነው። እሷ ግን ብርሃን የሚገባባት ቀዳዳ ናት፣ ተነስታ ለሰው አትሰጥም። “የዓይን ብሌን ልገሳ” የሚለው አጠራር ሥር ስለ ሰደደ እኔም እጠቀምበታለሁ፤ የሚነሳውና የሚተከለው ግን ኮርኒያ የምንለው ከሁሉም ፊት ያለ ጥርት ያለ ሽፋን ነው። የእጅ ሰዓት አስቢ። ሰዓትና ደቂቃ ቆጣሪው ከሥር አለ፣ መስታወቱ ከላይ ተገጥሟል። ኮርኒያ ያ መስታወት ነው። ከዳር እስከ ዳር 11 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ውፍረቱ መሐሉ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀለም የለውም፣ ደም ሥርም የለውም። የሰውን ዓይን ቡናማ ወይም ሰማያዊ የሚያሰኘው ከኋላው ያለው አይሪስ ነው፤ እሱ ከሟቹ ጋር ይቀበራል። ለአያትሽ እንዲህ በያቸው፦ ዓይኑ የራሱ ነው፣ የሚቀየረው መስታወቱ ነው።

ያ ግማሽ ሚሊ ሜትር ግን የተነባበረ ነው፣ የጥያቄሽ መልስም ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ፊቱን የሚሸፍነው ስስ ቆዳ ቢፋቅ በቀናት ውስጥ ይተካል። አብዛኛውን ውፍረት የያዘው መሐለኛው ክፍል ስትሮማ ይባላል። ከጀርባው፣ ወደ ዓይን ውስጥ በሚያየው ፊት ላይ፣ አንድ ረድፍ ሴሎች ተነጥፈዋል፤ ኤንዶቴሊየም እንላቸዋለን። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ የማር እንጀራ ነው የሚመስሉት፦ ባለ ስድስት ጎን፣ እርስ በርስ የተጋጠሙ፣ ክፍተት የሌላቸው። ሥራቸው ውሃ መቅዳት ነው። ኮርኒያ እንደ ስፖንጅ ውሃ መጠጣት ይወዳል፤ ከጠጣ ያብጣል፣ ካበጠ ይነጣል። እነዚህ ሴሎች ቀንና ሌሊት ውሃውን እየቀዱ ስለሚመልሱ ነው መስታወቱ ጥርት ብሎ የሚኖረው። ችግሩ፣ በሰው ላይ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ሰው ሲወለድ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር ከ3000 በላይ ይዞ ይመጣል፤ ጎልማሳ ሲሆን ወደ 2500 ይወርዳል። አንዱ ሲሞት ጎረቤቱ ተለጥጦ ቦታውን ይሸፍናል፣ አዲስ ግን አይወለድም። ወደ 500 ገደማ ሲወርዱ መቅዳቱ ያቅታቸዋል፣ ኮርኒያውም ያብጣል። ብሌን የማዘጋጀት ሙያ ማለት ይህን አንድ ረድፍ ሴል ሳይነኩ ከአንድ ሰው ወደ ሌላ ሰው ማሻገር ነው። ለዓይን አይታይም፣ በእጅ አይዳሰስም፤ ሁሉም ጥንቃቄ ግን ለእሱ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ሟቹ ካረፈበት ክፍል ነው። ሰው ሲሞት የኮርኒያው ሴሎች ወዲያው አብረውት አይሞቱም፤ ብርድ ካገኙ ለሰዓታት ይቆያሉ። ስለዚህ ገና ባለሙያ ሳይደርስ የዓይኑን ሽፋሽፍት መክደን፣ በንጹሕ ውሃ የራሰ ጨርቅ ላዩ ላይ ማድረግ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ በረዶ ማስቀመጥ፣ ራሱን በትራስ ከፍ ማድረግ ትልቅ ነገር ነው። ክዳኑ ሳይገጠም የቀረ ዓይን ፊቱ ይደርቃል፣ ይቆሽሻልም። ብሌኑን በ6 ሰዓት ውስጥ ማንሳት ይመረጣል፤ አስከሬኑ ቶሎ ከቀዘቀዘ እስከ 12 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ቤተሰብ ካልፈቀደ ማንም አይነካውም፤ ሟቹ በሕይወት ሳለ ቃል ገብቶ እንኳ ቢሆን ዘመድ ይጠየቃል።

ቴክኒሺያኑ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደርገው መጠየቅ ነው፦ በምን ሞተ? ታሞ ነበር? ውሻ ነክሶት ያውቃል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለአንዳንድ ቤተሰብ እንግዳ ይሆንበታል። የእብድ ውሻ በሽታ በኮርኒያ ይተላለፋል፤ እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካ ውስጥ ሳይታወቅ በዚህ በሽታ ከሞተ ሰው ብሌን የተተከለለት ታካሚ በዚያው በሽታ ሞቷል። እኛ አገር ውሻ በየሰፈሩ በሚንጋጋበት ሁኔታ ይህን ጥያቄ በቀላሉ አላየውም። የአሟሟቱ ምክንያት ያልታወቀ ሰው፣ አንጎልን በሚያጠቃ ተሕዋስ የሞተ፣ ደሙ የተመረዘ፣ የደም ካንሰር የነበረበት ሰው ብሌን አይወሰድም። በሌላ በኩል መነጽር ማድረግ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የዓይን ሞራ በራሳቸው አይከለክሉም፤ ሞራ የሚይዘው ከውስጥ ያለውን ሌንስ ነው፣ መስታወቱን አይደለም። ከዚያ ደም ይቀዳል፣ ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝ ይመረመራል። ከእነዚህ አንዱ ከተገኘ ኮርኒያው ምንም ያህል ጥርት ያለ ቢሆን ለሰው አይሆንም።

አሁን ማንሳቱን ልግለጽልሽ፤ እናትሽም ብታነበው ደስ ይለኛል፣ የተፈራውን ያህል አይደለምና። ቴክኒሺያኑ እጁን እንደ ቀዶ ሐኪም ይታጠባል፣ ጋዋንና ጓንት ያደርጋል። የሟቹ ዓይን ዙሪያ በፖቪዶን አዮዲን ይጸዳል፣ ዓይኑ ውስጥም የቀጠነ አዮዲን ይጨመራል፣ ከዚያ በጸዳ የጨው ውሃ ይታጠባል። ንጹሕ ጨርቅ ይለበሳል፣ ሽፋሽፍቱ በትንሽ መክፈቻ ይከፈታል። ነጩን የሚሸፍነው ስስ ቆዳ ዙሪያውን ይገለጣል። ከዚያ ኮርኒያው ነጩን ከሚገናኝበት መስመር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ወጣ ብሎ ነጩ ላይ በምላጭ ይጀመርና በትንሽ ጠማማ መቀስ ክቡ ይዞራል። ስለዚህ የሚነሳው ኮርኒያው ከዙሪያው ቀጭን ነጭ ጠርዝ ጋር ነው፤ ጠርዙ እጀታ ነው፣ የሚያዘው እሱ ብቻ ነው። ከዚያ አስቸጋሪዋ ደቂቃ ትመጣለች። ኮርኒያው ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋር በዙሪያው ተያይዟል። በአንዱ ወረንጦ ጠርዙን ይዘሽ፣ በሌላው የሥሩን ሥጋ ወደ ታች እየገፋሽ፣ ትንሽ በትንሽ፣ ኮርኒያው ቅርጹን እንደ ጠበቀ መላቀቅ አለበት። መታጠፍ የለበትም። ማንሳት ሳይሆን ሥጋውን ከሥሩ ማውረድ ነው ብዬ ነው ለተማሪዎች የምነግራቸው።

ይህን የምለው ስላጠፋሁ ነው። ተማሪ ሳለሁ አንዲት እናት ሞተው ልጃቸው ፈቀደ። ሥራ ስንጀምር በር ላይ ቆሞ “ቀስ በሉላት” አለን። የቀኙ በሰላም ወጣ። በግራው ላይ ሥጋው በአንድ በኩል አልለቅ አለኝ፣ አልታገስኩም፣ ጠርዙን ወደ ላይ ሳብኩት። ኮርኒያው እንደ ቅጠል እጥፍ ብሎ ተመለሰ። ከአንድ ሰከንድ አልዘለለም። ቀና ሲል ጥርት ያለ ነበር፣ ምንም የሆነ አይመስልም። በማግስቱ በማይክሮስኮፕ ስናየው ግን የማር እንጀራው መሐል ለመሐል በጥቁር መስመር ተሰንጥቋል፤ በታጠፈበት መስመር ላይ ያሉት ሴሎች ሁሉ ሞተዋል። ለንቅለ ተከላ ሳይሆን ቀረ። ያ ልጅ ግን ሁለት ዓይን ነበር የሰጠን። ከዚያ ወዲህ ጠርዙን ስይዝ ድምፁ ይሰማኛል።

የተነሳው ኮርኒያ ወደ ትንሽ ግልጽ ዕቃ ይገባል፣ ውስጡ ሮዝ መልክ ያለው 20 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ አለ። ሟቹ ዓይን ላይ በኮርኒያው ቦታ የፕላስቲክ ሽፋን ተደርጎ ሽፋሽፍቱ ይከደናል። ፊቱ አይጎድልም፣ አይለወጥም፣ ለስንብት የሚመጣ ሰው ልዩነት አያይም።

ያ ሮዝ ፈሳሽ በሙያችን ትልቅ ለውጥ ያመጣ ነገር ነው። የመጀመሪያው የተሳካ የኮርኒያ ንቅለ ተከላ የተደረገው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1905 ኦሎሞውትስ በተባለች፣ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ባለች ከተማ ነው፤ ኤድዋርድ ዚርም የተባለ ሐኪም ዓይኖቹ በኖራ ለተቃጠሉበት ሠራተኛ፣ ዓይኑ በጉዳት ምክንያት እንዲወጣ ከተደረገ ልጅ ወስዶ ተከለለት። ያኔ ማቆያ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ከዓይን ወደ ዓይን፣ በዚያው ሰዓት። ከሞተ ሰው መውሰድን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ኦዴሳ ላይ ፊላቶቭ የተባለ ሐኪም አስፋፋው። እ.ኤ.አ. በ1974 ማኬሪና ካውፍማን የተባሉ ተመራማሪዎች ኮርኒያን ለ4 ቀን ያህል የሚያቆይ ፈሳሽ አዘጋጁ። ዛሬ በብዛት የምንጠቀምባቸው ፈሳሾች በማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ድረስ እስከ 14 ቀን እንዲያቆዩ የተሠሩ ናቸው፤ እኔ ግን እንደ ብዙ ሐኪሞች በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ መትከልን እመርጣለሁ፣ ቀን በጨመረ ቁጥር ሴል ይቀንሳልና። ፈሳሹ ምግብና ጨው አለው፣ ኮርኒያው ውሃ ጠጥቶ እንዳያብጥ የሚከለክል ነገር አለው፣ ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት አለው። መቀዝቀዝ አለበት፣ በረዶ መሆን ግን የለበትም፤ በረዶ ከሠራ ሴሎቹ ይፈነዳሉ። መልኩም ይናገራል። ሮዝነቱ የሚመጣው የፈሳሹን አሲድነት ከሚያሳይ ቀለም ነው፤ ወደ ቢጫ ከሄደ ወይም ከደፈረሰ ውስጡ ተሕዋስ አድጎ ሊሆን ስለሚችል ማንም ሐኪም አይነካውም።

ቀጥሎ ምርመራው ነው። ኮርኒያው በዕቃው ውስጥ እንዳለ፣ ክዳኑ ሳይከፈት፣ ስሊት ላምፕ በተባለው መሣሪያ ይታያል። ፊቱ ተልጧል? ጠባሳ አለ? እብጠት አለ? ጀርባው ላይ እጥፋት አለ? የድሮ ኦፕራሲዮን ምልክት አለ? አዛውንቶች ዓይን ዙሪያ የሚታየው ነጭ ቀለበት በራሱ ችግር አይደለም፤ መሐሉ በበቂ ስፋት ጥርት ካለ ይበቃል። ከዚያ ሴሎቹ ይቆጠራሉ። ለቆጠራው ስፔኩላር ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል፤ ኮርኒያው ከማቀዝቀዣ ወጥቶ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ በክፍሉ ሙቀት ካልቆየ ሴሎቹ በደንብ አይታዩም። ወንድምሽ የዋለበትን ረጅም ሰዓት ሳስብ ይህ አንዱ ምክንያት ነው፤ የሚቸኮልበት ሥራ አይደለም። ሙሉ ውፍረት ላለው ንቅለ ተከላ የዓይን ባንኮች አብዛኛውን ጊዜ በካሬ ሚሊ ሜትር ቢያንስ 2000 ሴል ይጠይቃሉ። ቁጥሩ ብቻም አይበቃም፤ የሴሎቹ መጠን ከተዘበራረቀ፣ ባለ ስድስት ጎን መሆናቸው ከቀረ፣ መሐላቸው ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ፣ ቁጥሩ ጥሩ ቢሆንም አይታመኑም።

አሁን ለምን ለወንድምሽ “አልሆነም” እንደ ተባለና ሌላው ሰው ለምን እንደ ተሠራለት አንድ ላይ ልመልስ። በኬራቶኮነስ ኮርኒያው እየሳሳ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት ይወጣል። ብዙዎቹ በሽተኞች የራሳቸው ኤንዶቴሊየም ጤነኛ ስለሆነ የፊቱን ክፍል ብቻ ለውጦ የራሳቸውን ጀርባ መተው ይቻላል። የወንድምሽ ዓይን ነጭ ሆኖ ያደረ ዕለት ግን ከጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ተሰንጥቆ ውሃ ወደ ኮርኒያው ገብቷል፤ ሃይድሮፕስ ይባላል። ከዚያ በኋላ ጀርባውን መተው አስቸጋሪ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሙሉ ውፍረቱ ነው የሚለወጥ። ስለዚህ እሱ የሚፈልገው ኮርኒያ ጀርባው በሴል የሞላ ነው። ዕድሜውም 23 ነው። በኦፕራሲዮኑ ጊዜ የተወሰኑ ሴሎች ይሞታሉ፣ ከዚያም በኋላ ከተፈጥሮ ፈጥነው ይቀንሳሉ። 1500 ሴል ያለው ብሌን ተተክሎለት ቢሆን ዛሬ ያያል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያብጥና እንደገና ወረፋ ይይዛል፤ ሁለተኛው ንቅለ ተከላ ደግሞ ከመጀመሪያው ይልቅ በሰውነት የመጠላት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ያ ብሌን ግን ለሌላ ሰው የሚሆን ነው። ዓይኑ በቁስል ተበስቶ ውሃው እየፈሰሰ ያለ ሰው ሊገባ ይችላል፤ ለእሱ የሚፈለገው ቀዳዳውን የሚደፍን ጥንካሬ ያለው ሥጋ ነው፣ የሴል ቁጥር ሁለተኛ ነገር ነው። የፊቱ ክፍል ብቻ የሚለወጥለት ሰውም የለጋሹን ኤንዶቴሊየም አይፈልግም፤ ሐኪሙ ራሱ ፍቆ ያነሳዋል። ተሠርቶለት ሲወጣ ያያችሁት ታካሚ እንዲህ ያለ ሰው ከሆነ፣ ያ ብሌን ከወንድምሽ አልተወሰደበትም፤ ድሮም ለእሱ የሚሆን አልነበረም። ብሌን መሸጥ መለወጥ በሕግ የተከለከለ ነው። እያንዳንዱ ብሌን መለያ ቁጥር አለው፤ መቼ እንደ ተነሳ፣ ሴሉ ስንት እንደ ሆነ፣ ለምን እንዳለፈ ወይም እንደ ወደቀ በዚያ ቁጥር ይመዘገባል። ደውላችሁ “ለወንድማችን የታሰበው ብሌን በምን ምክንያት ነበር ያልሆነው?” ብላችሁ ጠይቁ። የለጋሹ ማንነት አይነገራችሁም፣ መሆንም የለበትም። ምክንያቱን መጠየቅ ግን መብታችሁ ነው፣ ሐኪሙም መመለስ አለበት። ያለ ምክንያት የመለሳችሁ ሰው አጥፍቷል፤ ብሌኑን በመጣሉ አይደለም፣ ባለማስረዳቱ ነው።

በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ምክንያቶች 11.5 በመቶው ትራኮማ ያመጣው የኮርኒያ ጠባሳ፣ 7.8 በመቶው ሌላ የኮርኒያ ጠባሳ ነበር። የሚጠብቀው ሰው ይህን ያህል ሆኖ ሳለ አንድን ብሌን “አይሆንም” ማለት ለሐኪም ቀላል እንዳይመስልሽ።

ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ያለውን ዝግጅት ባጭሩ ልንገርሽ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ወንድምሽ አልጋ ላይ ሆኖ ምን እየሆነ እንደ ሆነ እንዲያውቅ። የእሱ ዓይን ከመከፈቱ በፊት የለጋሹ ብሌን ነው የሚቆረጠው። ይህን ቅደም ተከተል አጥብቄ እይዛለሁ፤ ብሌኑ ሲቆረጥ ቢበላሽ የታካሚው ዓይን ገና አልተነካምና ተሸፍኖ ቤቱ ይመለሳል። ቁጥሩ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ከወረቀቱ ጋር ይመሳከራል፣ የፈሳሹ መልክ ይታያል። ኮርኒያው በነጭ ጠርዙ ተይዞ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ ጎድጓዳ ማስቀመጫ ላይ ይቀመጣል። ክብ ምላጭ ያለው ፓንች መሐሉ ላይ ተስተካክሎ በአንድ ጊዜ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ጠቅ የምትል ድምፅ አለች፣ እሷን ስትሰሚ ክቡ ተለይቷል። ብዙውን ጊዜ ስፋቱ ከ7.5 እስከ 8.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከታካሚው ቀዳዳ ሩብ ሚሊ ሜትር ሰፋ ተደርጎ ይቆረጣል። ኬራቶኮነስ ላይ ግን እኩል ማድረግን የሚመርጡ አሉ፣ ዓይኑ የቅርቡን ብቻ አጥርቶ የሚያይ እንዳይሆን። ፓንቹ ትንሽ ካዘነበለ ክቡ እንቁላል ቅርጽ ይይዛል፣ ታካሚውም ዕድሜ ልኩን የተዛባ ነው የሚያየው። የተቆረጠው በማቆያው ፈሳሽ ጠብታ ተሸፍኖ ይጠብቃል። የተረፈው ጠርዝ አይጣልም፤ ባክቴሪያና ፈንገስ እንዳለበት ለማየት ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ከዚያ ከጠጉር በቀጠነ የናይለን ክር፣ ብዙ ጊዜ በ16 ስፌት ይሰፋል። ክሮቹ ከዓመት በላይ ይቆያሉ፣ አንድ በአንድ ነው የሚነሱት።

ለአያትሽ ደግሞ አንድ የሚያስደስታቸው ነገር አለ። ብዙ አረጋውያን “የኔን ያረጀ ዓይን ማን ይፈልገዋል” ይላሉ። የጀርባው ሽፋን ብቻ በሚለወጥበት ኦፕራሲዮን፣ ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ለጋሽ ነው የሚመረጠው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ከኮርኒያው ጀርባ ያለው ሽፋን ከነሴሎቹ በወረንጦ ይላጣል፣ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ብዙም አይበልጥም። እንዲታይ በሰማያዊ ቀለም ይነከራል። ከተላጠ በኋላ ራሱን እንደ ወረቀት ይጠቀልላል፣ ሴሎቹ ወደ ውጭ ሆነው። የወጣት ሰው ሽፋን በጣም አጥብቆ ስለሚጠቀለል በታካሚው ዓይን ውስጥ መዘርጋቱ ፈተና ነው፤ የአረጋዊው ዘና ይላል። ከአንድ ኮርኒያም ፊቱ ለአንድ ሰው፣ ጀርባው ለሌላ ሰው ሊደርስ ይችላል።

ከደሴና ከኮምቦልቻ መለገስ ይቻላል ወይ ለሚል ሰው ደግሞ የምለው አለኝ፣ ልቤን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። የዓይን ባንኩ ያለው አዲስ አበባ ነው፣ ርቀቱ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሰው ሁሉ የሚያማርረው መንገዱን ነው። መንገዱ ግን ችግር አይደለም፤ ብሌኑ አንዴ ፈሳሹ ውስጥ ከገባ፣ በረዶ ባለበት ሳጥን ታሽጎ በአውቶብስም በአውሮፕላንም ቢሄድ ቀናት አሉት። የሚያመልጠን ከሞት በኋላ ያለው የመጀመሪያው 6 ሰዓት ነው። ሠልጥኖ ወረንጦውን የሚይዝ አንድ ነርስ፣ ማቆያው ፈሳሽ፣ ማቀዝቀዣና ደም የሚቀዳበት ዕቃ እዚሁ ቢኖሩ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከዚህ ከደሴ የተነሳ ብሌን በማግስቱ አዲስ አበባ ይደርሳል። የሚመለከታቸው ሁሉ መጀመር ያለባቸው ከዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

በወሎ ይህን ስናወራ ሃይማኖቱ አብሮ ይነሳል። ሙስሊም ቤተሰቦች የሚጨነቁት ጀናዛው እንዳይዘገይ ነው። ብሌን ማንሳት ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም፣ ከእጥበቱ በፊት ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ1988 ጅዳ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ፣ ሟቹ ወይም ወራሾቹ እስከፈቀዱ ድረስ ከሟች ወስዶ ለሕያው መትከልን ፈቅዷል። ሼሆቻችሁን፣ ክርስቲያን የሆነም የንስሐ አባቱን በሕይወት ሳለ ያማክር፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ የሚጀመር ወሬ አይደለም።

ወንድምሽ እስኪጠራ ድረስ ስልኩ ክፍት ይሁን፣ ስሙ ከወረፋው እንዳልወጣ በየጊዜው አረጋግጡ። ዓይኑ ቢቀላ ወይም ቢመግል ሳይደብቅ አስቀድሞ ይናገር፣ ዓይኑ ተበስቶ ካላስቸኮለ በቀር በቁስል ላይ ብሌን አይተከልም። ከተተከለለት በኋላ ጠብታውን ለብዙ ወራት ያለ ማቋረጥ ያደርጋል። ዓይኑ ቢቀላ፣ ብርሃን ቢያስፈራው፣ ቢያመው ወይም እይታው ቢደበዝዝ ሰውነቱ ብሌኑን እየጠላው ሊሆን ይችላልና ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ይሂድ፤ ቶሎ ከታከመ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ስለ ግራ ዓይኑ አልጠየቅሽኝም። ኬራቶኮነስ አንድ ዓይን ብቻ ይዞ የሚቆየው ከስንት አንዴ ነው። ግራው ገና ብዙ ካልሄደ፣ በቫይታሚን ጠብታና በአልትራ ቫዮሌት ብርሃን ኮርኒያውን የሚያጠነክር ክሮስ ሊንኪንግ የሚባል ሕክምና አለ፤ መሳሳቱን ያቆመዋል፣ ብሌንም አይጠይቅም። ቀኙን እየጠበቀ ግራውን በዚህ ወር ያስመርምር። ማሳከኩም ይታከምለት፣ ጠብታ አለው፤ ማታ ሲተኛ በእጁ እንደሚያሸው ካያችሁ ቀስቅሱት።